ደሙ ከተቀዳ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት

በጠና የታመመ ሰው ሆስፒታል ገባ እንበል። ትኩሳቱ አልበርድ ብሏል። ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ የደም ግፊቱም እየወረደ ነው። ደም ይቀዳል፣ በጠርሙስ ሆኖ ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል። አስታማሚው "ውጤቱ መቼ ይደርሳል?" ብሎ ሲጠይቅ "ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል" ይባላል። ሦስት ቀን! ስኳር በደቂቃ፣ የደም ማነስ በሰዓታት በሚታወቅበት ጊዜ፣ ሰው አልጋ ላይ እያቃሰተ ላብራቶሪው ሦስት ቀን ሙሉ ምን እየሠራ ነው? ንዴቱ ይገባኛል። ግን እነዚህን ቀናት ተራ በተራ ብናያቸው፣ የባክቴሪያ ምርምር በሙሉ ለምን ከሰዓት ጋር እንደሚታገል ግልጽ ይሆንልናል።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ ሰውን እስከ ሞት ሲያደርስ፣ ደሙ በባክቴሪያ የተሞላ ይመስለናል። አይደለም። በአዋቂ ሰው አንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ከ10 ያነሱ፣ አንዳንዴም ከ1 ያነሱ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከ1 ያነሰ ሲባል፣ አንዷን ለማግኘት ብዙ ሚሊ ሊትር ደም ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ ጠብታ ደም ማይክሮስኮፕ ሥር ቢደረግ ምንም አይታይም። ስለዚህ ያለው መንገድ ማራባት ነው። ካልቸር የሚባለው ይኼው ነው፤ ለባክቴሪያው ምግብና ሙቀት ሰጥቶ ለዓይን እስኪበቃ መጠበቅ።

ጠርሙሱ ውስጥ ሾርባ መሰል ፈሳሽ አለ። ማሽኑ የሰውነት ሙቀት ገደማ አድርጎ ያሞቀዋል፣ ያወዛውዘዋል፣ ይጠብቃል። ባክቴሪያው ሲበላና ሲራባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ሲጨምር በብዙ ማሽኖች ላይ ጠርሙሱ ሥር ያለው ምልክት ይለወጣል፣ ማሽኑም ይጮኻል። ከባድ ሕመም የሚያመጡት ባክቴሪያዎች አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ውስጥ ራሳቸውን ያሳያሉ። 5 ቀን ሙሉ ዝም ያለ ጠርሙስ "ምንም አላበቀለም" ተብሎ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የውጤቱ ዕድል በአብዛኛው የሚወሰነው ላብራቶሪው ውስጥ ሳይሆን አልጋው አጠገብ ነው። ባክቴሪያዎቹ ጥቂት ከሆኑ የደሙ መጠን ወሳኝ ይሆናል። ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይፈለጋል። በጥድፊያ 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ተቀድቶ ከተላከ፣ ዓለም ላይ ያለ ምርጥ ማሽን እንኳ የሌለውን አያገኝም። ደግሞ ከአንድ ቦታ ብቻ አይቀዳም። ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ከሁለቱም ክንዶች፣ መቀዳት አለበት። "ለምን ሁለት ጊዜ ትወጉታላችሁ?" ብሎ የሚቆጣ አስታማሚ ብዙ ነው። ምክንያቱ ቆዳችን ነው። ቆዳችን ላይ ምንም ሳይጎዱን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፣ መርፌው ሲገባ አብረው ጠርሙሱ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ከአንዱ ክንድ ብቻ ከተገኙ ከቆዳ የመጡ መሆናቸው ይጠረጠራል። ከሁለቱም ከተገኙ ግን ደሙ ውስጥ ለመኖራቸው ጥሩ ማስረጃ ነው። ሁለተኛዋ መርፌ በከንቱ አይደለም የምትወጋው፤ ታማሚው የማያስፈልገውን ጠንካራ መድኃኒት ለቀናት እንዳይወስድ ልታድነው ትችላለች።

ሌላው ነገር ሰዓቱ ነው። ደሙ አንቲባዮቲክ ከመሰጠቱ በፊት መቀዳት አለበት። መድኃኒቱ አንዴ ደም ውስጥ ከገባ ባክቴሪያዎቹ ሳይሞቱም ቢሆን ጠርሙሱ ውስጥ ማደግ ያቅታቸዋል። ታዲያ ይህ ማለት ደም እስኪቀዳ መድኃኒቱ ይቆይ ማለት አይደለም። ሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ከልክ አልፎ የራሱን አካል ሲጎዳ የሚመጣ አደገኛ ሁኔታ) ይዞት ግፊቱ የወረደ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ማግኘት አለበት። የመቅዳቱ ሥራ ከ45 ደቂቃ በላይ የሚያዘገይ ከሆነ መድኃኒቱ ይቀድማል። ሴፕሲስ ቀልድ አያውቅም፤ በ2017 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ላይ 11 ሚሊዮን ያህል ሰው ከእሱ ጋር በተያያዘ እንደሞተ ተገምቷል።

እሺ፣ ጠርሙሱ ጮኸ እንበል። ምናልባት በ14ኛው ሰዓት፣ ሌሊት። ባለሙያው ከጠርሙሱ ጠብታ ወስዶ ስላይድ ላይ ይቀባና ቀለም ይቀባዋል። የቀለሙ ዘዴ በ1884 የወጣ ነው፤ ሃንስ ክርስቲያን ግራም የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም በርሊን ሳለ ነው የደረሰበት። ወይን ጠጅ ቀለም ይደረጋል፣ አዮዲን ይከተላል፣ በአልኮል ይታጠባል፣ በመጨረሻ ሮዝ ቀለም ይጨመራል። አንዳንዱ ባክቴሪያ ወፍራም ግድግዳ ስላለው ወይን ጠጁን አልለቅም ይላል። ይህ ግራም ፖዘቲቭ ነው። ሌላው ግድግዳው ስስ ስለሆነ ወይን ጠጁ ታጥቦ ይወጣና ሮዝ ሆኖ ይቀራል። እሱ ግራም ኔጌቲቭ ነው። በደቂቃዎች ያልቃል።

ይህ ተራ የቀለም ሥራ ይመስላል፤ ለኔ ግን ከጠቅላላ የላብራቶሪ ሥራ በዋጋው ልክ ይህን ያህል የሚጠቅም ያለ አይመስለኝም። ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያ ከስሱ ግድግዳው ውጪ ሌላ ሽፋን ስላለው አንዳንድ መድኃኒት ጭራሽ አያስገባም። ቫንኮማይሲን ለምሳሌ በጣም ጠንካራ መድኃኒት ነው፣ ግን ግራም ኔጌቲቩ ላይ አይሠራም። ሐኪሙ ቫንኮማይሲን ብቻ ጀምሮ ከሆነና ከላብራቶሪ "ሮዝ፣ ዘንግ መሰል ባክቴሪያ አየን" የሚል ስልክ ከተደወለለት፣ መድኃኒቱ በዚያችው ሌሊት ይቀየራል። ለዚህ ነው ይህ ውጤት ወረቀት ላይ ተጽፎ እስኪነጋ የማይጠብቀው፤ ይደወላል።

በዚያው ሰዓት ናሙናው ሳህን ላይ ይዘራል። የሳህኑ ታሪክ ደስ ይለኛልና ትንሽ ልቆይበት። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ሮበርት ኮኽ ባክቴሪያ የሚያሳድገው ጄላቲን ላይ ነበር። ችግሩ ጄላቲን ገና የሰውነት ሙቀት ላይ ሳይደርስ ይቀልጣል። አንዳንድ ባክቴሪያም ራሱን ጄላቲኑን በልቶ ያፈሰዋል። ፋኒ ሄሰ የተባለች ሴት ባሏ በኮኽ ላብራቶሪ ይሠራ ነበር፣ እሷም በሥዕልና በሥራ ታግዘው ነበር። "አጋር ሞክሩ" ያለችው እሷ ናት። አጋር ከባሕር አረም የሚገኝ ነገር ሲሆን ወጥ ቤት ውስጥ ለማርጊያነት ታውቀው ነበር። አጋር የሚቀልጠው ወደ መፍላት ሲጠጋ ነው፤ አንዴ ከረጋ 37 ዲግሪ ላይ እንደረጋ ይቆያል፣ አብዛኛው ባክቴሪያም አይበላውም። ይኸው እስካሁን በመላው ዓለም ያለ ላብራቶሪ የሚጠቀመው በእሷ ሐሳብ ነው። ስሟ ግን ሳህኑን በ1887 እንዳስተዋወቀው እንደ ፔትሪ ስም አልቀረም፤ ይህ ሁሌም ይቆጨኛል።

ሳህኑ ላይ የተዘራች አንዲት ባክቴሪያ ምግብና ሙቀት ከተመቻት በየ20 ደቂቃው ለሁለት ትከፈላለች። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ እንዲያ ነው። 20 ጊዜ ከተከፈለች፣ ማለትም ከ7 ሰዓት ባነሰ ጊዜ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ትሆናለች። በማግስቱ ጠዋት ሳህኑ ላይ በዓይን የምትታይ ነጥብ ሆና ትገኛለች። ኮሎኒ የምንላት እሷን ነው። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን አንዴ ለመከፈል ከግማሽ ቀን በላይ ይወስዳል። የእሱ ካልቸር ሳምንታት የሚፈጀው ለዚህ ነው እንጂ ባለሙያው ስለዘገየ አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ "ማነው ይሄ?" ነው። ድሮ ይህን ለማወቅ ስኳር እየሰጡት፣ ኬሚካል እየጨመሩበት ሌላ አንድ ቀን ይሄድ ነበር። አሁን አቅም ያላቸው ላብራቶሪዎች ማልዲ-ቶፍ የሚባል ማሽን አላቸው። ከኮሎኒው ትንሽ ተቀብቶ በሌዘር ይመታል። ፕሮቲኖቹ ተነስተው አየር በሌለበት ቱቦ ውስጥ ይበራሉ። ቀላሉ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከባዱ ይከተላል። የአደራረሳቸው ቅደም ተከተል እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ማሽኑ ካለው መዝገብ ጋር አመሳክሮ በደቂቃዎች ውስጥ ስሙን ይናገራል። ሰው ሠራሽ ተአምር ነው ብል አላጋነንኩም። ግን ኢ. ኮላይንና ሺጌላን በደንብ አይለያቸውም፣ የሥጋ ዘመዳሞች ስለሆኑ። ከዚያ በላይ ደግሞ ስሙን ነገረን ማለት በምን መድኃኒት እንደሚሞት ነገረን ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ቀን የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያው ሳህን ሙሉ ይቀባል፣ ላዩ ላይ መድኃኒት የነካቸው ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይደረደራሉ፣ ለ16 እስከ 20 ሰዓት ይቀመጣል። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ባዶ ክብ ይታያል። ክቡ በሚሊ ሜትር ይለካና ከዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ ጋር ይመሳከራል።

አንድ ነገር ግን አደራ። የካልቸር ወረቀት እጃቸው የገባ ሰዎች፣ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ባለሙያዎችም፣ "የትኛው መድኃኒት ነው ትልቁ ክብ ያለው? እሱን ስጡት" ሲሉ ይሰማል። ይህ ስህተት ነው። የክቡ ስፋት ባክቴሪያው መሞቱን ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱ አጋር ውስጥ ምን ያህል እንደሚሰራጭ ጭምር ነው የሚያሳየው። ትልቅ ሞለኪውል ያለው መድኃኒት በዝግታ ስለሚሰራጭ ክቡ ጠባብ ሆኖ መድኃኒቱ ግን አሪፍ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ መለኪያ አለው፤ 18 ሚሊ ሜትር ለአንዱ "ይሠራል"፣ ለሌላው "አይሠራም" ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ መድኃኒቱ ኢንፌክሽኑ ያለበት ቦታ መድረስ አለበት። ለሽንት ቧንቧ የሚሆን መድኃኒት ሳህኑ ላይ ቢያሸንፍም ለደም ኢንፌክሽን ላይረባ ይችላል።

እስከዚህ ድረስ ታማሚው ምን እየወሰደ ነበር? ግምት። የተማረ ግምት ነው፣ ግን ግምት ነው። ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ ከየት እንደተነሳ፣ በአካባቢው የትኛው ባክቴሪያ እንደሚበዛ አይቶ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት ይጀምራል። ሌላ ምርጫ የለውም። ጥቂት ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ የሚገድል ጠባብ መድኃኒት ሰጥቶ ከሳተ ሰውዬው ይሞትበታል። ሰፊውን ለሁሉም ከሰጠ ደግሞ በዙሪያው ያለ ባክቴሪያ ሁሉ ሰፊውን መድኃኒት እየለመደ ይሄዳል። ሦስቱ ቀናት የሚያንገበግቡኝ ለዚህ ነው። በእነሱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አይደለም አደጋ ላይ ያለው፣ ነገ የሚታመመውም ጭምር እንጂ።

መድኃኒት መላመድ አዲስ ነገር አይደለም። ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ ሳይዳረስ፣ በ1940፣ ኦክስፎርድ ያሉ ተመራማሪዎች ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ባክቴሪያ ውስጥ አግኝተው ጽፈዋል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግም በ1945 ኖቤል ሲቀበል፣ ሰው መጠኑን አሳንሶ ሲወስድ ባክቴሪያውን እያስተማረው እንደሚሆን አስጠንቅቋል። የሚያሳስበው ነገር ባክቴሪያ የተማረውን ለልጆቹ ብቻ አለማውረሱ ነው። ፕላዝሚድ የምትባል ትንሽ ክብ ዲኤንኤ አለች። አንዱ ባክቴሪያ ለጎረቤቱ፣ የሌላ ዝርያ ለሆነ ጎረቤቱ እንኳ፣ ገልብጦ ይሰጣል። በአንዷ ፕላዝሚድ ላይ አራት አምስት መድኃኒት የሚያከሽፉ ዘረ-መሎች አብረው ሊጓዙ ይችላሉ። በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በተላመደ ባክቴሪያ ምክንያት እንደሞቱ አንድ ሰፊ ዓለም አቀፍ ጥናት ገምቷል።

እንግዲህ ሰዓቱን ማሳጠር የሚለው ምርምር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። አንዱ መንገድ ባክቴሪያው እስኪያድግ ሳይጠብቁ ዘረ-መሉን ከናሙናው ላይ መፈለግ ነው። ትልቁ ስኬት የሳንባ ነቀርሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 መጨረሻ ያጸደቀው ጂን-ኤክስፐርት የተባለ ምርመራ አክታ ውስጥ ባክቴሪያውን ያገኛል፣ ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የነቀርሳ መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም አብሮ ያሳያል፤ ሁሉም በ2 ሰዓት ገደማ። ሳምንታት ይፈጅ የነበረ ነገር ነው። የስንቱን ሕይወት እንደቀየረ ሳስበው ይነካኛል።

ግን ዘረ-መል ፍለጋ የሚያገኘው የፈለጉትን ብቻ ነው። ካልጠየቅነው አይመልስም። የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤም ያነሳል፣ ስለዚህ ሕክምና የጨረሰ ሰው ላይ ሊያሳስት ይችላል። ደግሞ "የምናውቀው የመላመድ ዘረ-መል አልተገኘም" ማለት "መድኃኒቱ ይሠራል" ማለት አይደለም፤ ባክቴሪያው በማናውቀው መንገድ ተላምዶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ያ አሮጌ ሳህን እስካሁን ያልተጣለው። እሱ የሚጠይቀው ቀጥተኛ ጥያቄ ነው፦ መድኃኒቱ ፊት ታድጋለህ ወይስ አታድግም?

ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ራሱን ለማፍጠን ሞክረዋል። ጥሩው ነገር አንዳንዱ መፍትሔ ውድ አይደለም። የአውሮፓው የመለኪያ ኮሚቴ ዩካስት በ2018 ያወጣው ዘዴ ያንኑ ሳህንና ያንኑ ክብ ወረቀት ይጠቀማል። ልዩነቱ ኮሎኒ እስኪወጣ አይጠብቅም፤ ከጮኸው ጠርሙስ ቀጥታ ይዘራል፣ ክቡም በ4፣ በ6 ወይም በ8 ሰዓት ይነበባል። የሚፈልገው የተለየ ሰንጠረዥና በሰዓቱ የሚያነብ ሰው ነው። በቃ። የሚሊዮኖች ማሽን የማይገዛ ላብራቶሪም ሊሠራው ይችላል።

ፍጥነት ብቻውን ግን አያድንም። በአሜሪካ የተሠራና በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ከ600 በላይ ታማሚዎችን በሦስት ከፍሎ ነበር። አንደኛው ቡድን የተለመደ ካልቸር፣ ሁለተኛው ፈጣን የዘረ-መል ምርመራ፣ ሦስተኛው ፈጣን ምርመራ ከውጤቱ ጋር ለሐኪሙ ደውሎ ከሚመክር ባለሙያ ጋር። መድኃኒቱን ቶሎ ወደ ጠባቡ ያወረዱት በዋናነት ሦስተኛዎቹ ናቸው። የሞት ቁጥር ግን በቡድኖቹ መካከል አልተለያየም። ይህ መልስ ደስ አይልም፣ ግን ሐቅ ነው፦ በ1 ሰዓት የደረሰ ውጤት ኮምፒውተር ላይ ማንም ሳያየው ካደረ፣ የ3 ቀኑ ውጤት ማለት ነው።

የባክቴሪያውን ስርጭት መቆጣጠሩስ? እጅ መታጠብን ሁሉም ያውቃል፤ ኢግናዝ ዜመልቫይስ በ1847 ቪየና ውስጥ ሐኪሞችን በክሎሪን ውሃ አስታጥቦ የወላዶችን ሞት እንዴት እንደቀነሰ ብዙ ተጽፏል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። አልኮል ጀል ሁሉን አይገድልም። ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲል የተባለው፣ ከአንቲባዮቲክ በኋላ ከባድ ተቅማጥ የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ስለሚቀመጥ አልኮል አይበግረውም። እሱን ከእጅ ላይ የሚያነሳው ውሃና ሳሙና ነው።

መለየትና መቆጣጠር አንድ ላይ የተገናኙበትን ግን ልንገራችሁ። በ2011 ሰኔ ወር፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሆስፒታል፣ ቤተስዳ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ካርባፔነም የተባሉትን ጠንካራ መድኃኒቶች የተላመደ ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ የያዛት ታማሚ ገባች። ወዲያው ተለይታ ተቀመጠች፣ ጥንቃቄ ተደረገ፣ ተሽሏትም ወጣች። ከወጣች ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ታማሚ ላይ ባክቴሪያው ተገኘ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። በጠቅላላው 18 ሰዎች ተያዙ። 11 ሞቱ፣ ከእነሱ 6ቱ በቀጥታ በኢንፌክሽኑ። ጥያቄው ይህ ከመጀመሪያዋ ሴት የመጣ ነው ወይስ ሌላ ሰው ይዞት የገባ ነው የሚል ነበር። ሳህንና ማልዲ-ቶፍ ይህን አይመልሱም፣ ለእነሱ ሁሉም "ክሌብሲየላ" ነው። ተመራማሪዎቹ የእያንዳንዱን ባክቴሪያ ሙሉ ዘረ-መል አነበቡ፣ ከ5 ሚሊዮን በላይ ፊደላት። በባክቴሪያዎቹ መካከል የነበረው ልዩነት የጥቂት ፊደላት ብቻ ሆነ። ሁሉም ከእሷ የወረዱ ነበሩ። ባክቴሪያው ምንም ምልክት በማያሳዩ ታማሚዎች አንጀት ውስጥ ሳይታወቅ ለሳምንታት እየቆየ ነበር የሚሻገረው። በእጅ መታጠቢያ የፍሳሽ ቧንቧ ውስጥም ተገኘ። ከተጠቀሙበት በኋላ በፀረ-ጀርም በተጸዳ የመተንፈሻ ማሽን ላይም ተገኘ። ሆስፒታሉ የታመመውን ብቻ ሳይሆን ጤነኛ የሚመስለውንም ታማሚ መረመረ፣ የፍሳሽ ቧንቧዎቹንም ነቀለ።

ወደ አልጋው ልመለስና ልጨርስ። ሦስተኛው ቀን ላይ ወረቀቱ ሲመጣ ሁለት ነገር ሊል ይችላል። የባክቴሪያውን ስምና የሚሠሩትን መድኃኒቶች ከያዘ፣ "አሁን ወደ ጠባቡ መድኃኒት እንቀይር ወይ?" ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ የአስታማሚ መብት ነው፣ ጥሩ ሐኪምም በጥያቄው አይከፋም። "ምንም አላበቀለም" ካለ ደግሞ ባክቴሪያ የለም ብሎ መደምደም አይቻልም። ሴፕሲስ ካለባቸው ታማሚዎች ውስጥ የብዙዎቹ የደም ካልቸር ምንም ሳያሳይ ነው የሚቀረው። ያኔ መጠየቅ ያለበት ደሙ ስንት ሚሊ ሊትር ነበር፣ ከስንት ቦታ ተቀዳ፣ ከመድኃኒቱ በፊት ነበር ወይስ በኋላ የሚለው ነው። መልሱ "ትንሽ ነበር፣ ከአንድ ክንድ፣ ከመድኃኒቱ በኋላ" ከሆነ፣ ያ ወረቀት ስለ ታማሚው ሕመም ብዙም የነገረን ነገር የለም።